ቱዩብ አምፑ በእርግጥ ይበልጣል ወይስ ጆሮዬ ተሸወደ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

አንድ ወዳጄ ቱዩብ አምፕሊፋየሩን (አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱዩብ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) ለአንድ ወር አውሶኛል። በየቻናሉ (በግራና በቀኝ) አንዲት 300ቢ የምትባል ቱዩብ ብቻ ያለችው፣ ፊድባክ (ከውጤቱ ጥቂቱን ወደ መግቢያው የሚመልስ ዘዴ) የሌለው፣ 8 ዋት የሚሰጥ ዓይነት ነው። የራሴ 100 ዋት የሚሰጥ የትራንዚስተር አምፕ ነው። ስፒከሮቼ ወለል ላይ የሚቆሙ፣ ሴንሲቲቪቲያቸው (በ1 ዋት የሚሰጡት የድምፅ መጠን) 87 ዴሲቤል፣ ማዳመጫ ክፍሌ 5 ሜትር በ4 ሜትር። አንድ ሳምንት ሙሉ ገመድ እየነቀልኩና እየሰካሁ ሁለቱን አፈራርቄ አዳመጥኩ። በቱዩቡ ስሰማ ዘፋኟ ከስፒከሮቹ ፊት ወጥታ የቆመች ይመስለኛል፤ በእኔው አምፕ ግን ከሣጥኑ አትወጣም። ቤዙ በቱዩቡ ትንሽ ይላላል፣ ግን ይሞላል። ባለቤቴ ሁለቱም ያው ናቸው ብላ ወጣች። የእኔን ሸጬ ቱዩብ ልግዛ? ወይስ ቀድሜ ማጣራት ያለብኝ ነገር አለ?

ክሩ (የመድረኩ ውይይት) ካሰብኩት በላይ ስለረዘመ፣ መሃል ላይም ጠብ ስለገባበት፣ ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው እንዲመች መልሶቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። ያሳጠርኩት አለ፤ በጣም የጠቀመኝን ደግሞ አልቆጠብኩለትም።

መልስ 1፦ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለህ ካለኝ በኋላ ሒሳብ አቀረበልኝ። ስፒከሬ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ከሰጠ፣ 8 ዋት የሚጨምርለት 9 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጣሪያው 96 ላይ ነው ማለት ነው። 100 ዋቱ ግን 107 ያደርሰዋል። የሙዚቃ አማካይና ጫፍ ደግሞ በ10፣ አንዳንዴም በ20 ዴሲቤል ይራራቃሉ። ስለዚህ በአማካይ 80 ላይ አድርጌ ስሰማ እንኳ ከበሮው ሲመታ ቱዩቡ የሞገዱን ጫፍ እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። የቱዩብ አቆራረጥ ድንገተኛ ስላልሆነ ለጆሮ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሙላት ሊመጣ እንደሚችልም ጠቆመኝ። ያኔ ነገሩን ችላ አልኩት።

መልስ 2፦ ይህኛው ደስታዬን የተጋራ ሰው ነው። እሱም ወደ ቱዩብ ከተሻገረ በኋላ ወደ ኋላ አላለም፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት እስኪነጋ እንዳዳመጠ፣ በቃሉ የሚያውቃቸውን ቅጂዎች እንደ አዲስ እንደሰማ ጻፈ። ምክሩ ሽጥና ተገላገል ነው። አልዋሽም፣ ልሰማው የጓጓሁት መልስ ይህ ነበር።

መልስ 3፦ የቀዳሚውን ደስታ ሳያናንቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የሁለቱን የድምፅ መጠን ያስተካከልኩት በምንድን ነው? በጆሮ ከሆነ ሳምንቱን በከንቱ ደክሜያለሁ። የሁለት አምፖች የድምፅ መጠን በግማሽ ዴሲቤል እንኳ ቢለያይ ሰው አንደኛው ይጮኻል አይልም፤ አንደኛው ይጠራል፣ ይሞቃል፣ ይቀርባል ነው የሚለው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩትም ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ቤዙ ለጆሮ ይበልጥ እየጎላ ይመጣል፤ ስለዚህ ትንሽ የጮኸው አምፕ ሁሌም ቤዝ ያለው ይመስላል። የሚፈለገው ልዩነት ከ0.1 ዴሲቤል ያልበለጠ ነው፤ ይህ በቮልት ሲታይ ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው። ይህን የሚለየው ጆሮ ሳይሆን መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። ሁለተኛ ነገርም አነሳ፦ ገመድ ነቅሎ ለመሰካት አምስት ደቂቃ ከፈጀብኝ፣ የቀድሞው ድምፅ ዝርዝር ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ የቀረኝ ስለ ድምፁ የያዝኩት አስተያየት ብቻ ነው። ይቺ ዐረፍተ ነገር ቅር አሰኘችኝ፣ ግን እውነቱን ነው።

መልስ 4፦ ከ3ኛው ጋር ተስማምቶ አንድ እርማት አከለ። ርካሽ መልቲሜትሮች ለመብራት ኃይል የተሠሩ ናቸው፤ ከጥቂት መቶ ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) በላይ የሚያሳዩት ቁጥር አይታመንም። በ1,000 ኸርዝ ለካሁ ብሎ የሚፎክር ሁሉ መጀመሪያ የሜትሩን መመሪያ ያንብብ። በ400 ኸርዝ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ንጹሕ ቃና፣ ስፒከሩ እንደተሰካ፣ እዚያው የስፒከሩ ተርሚናል ላይ መለካት ይሻላል። 2 ቮልት አካባቢ በቂ ነው፤ 2.83 ቮልት በ8 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ) ላይ ልክ 1 ዋት ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል።

መልስ 5፦ የስልክ መተግበሪያ አይበቃም ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር። 4ኛው ተመልሶ፣ ስልኩ አንድ መዳፍ ያህል ቦታ ሲቀይር የሚያሳየው ልዩነት ከምንፈልገው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ነገረው። በዚያው አንዱን አምፕ በኤክስኤልአር፣ ሌላውን በአርሲኤ ገመድ (ሁለት የተለያዩ የማገናኛ ዓይነቶች ናቸው) ሰክተው የሚያወዳድሩትን ወረፋቸው፤ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ከገመዱ ምርጫ ብቻ 6 ዴሲቤል ይመጣልና።

መልስ 6፦ የራሴ ነው። ለካሁ። በጆሮዬ እኩል ናቸው ብዬ ባስቀመጥኳቸው የቮሊዩም ቦታዎች ላይ፣ በ400 ኸርዝ፣ የእኔ አምፕ 2.00 ቮልት፣ ቱዩቡ 2.35 ቮልት አሳየ። 1.4 ዴሲቤል ማለት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ የሚጮኸውን አምፕ እያደነቅኩ ነበር። ሆኖም ካስተካከልኩት በኋላም ዘፋኟ በቱዩቡ ወደ ፊት እንደወጣች ናት ብዬ ጻፍኩ፤ ጠቡን የጫረው ይህ ይመስለኛል።

መልስ 7፦ ሹል ነው። አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ ነው፣ ቀሪው ተረት ነው አለ። ማስረጃ ብሎ ሁለት ነገር ጠቀሰ። የመጀመሪያው ኳድ የተባለው አምፕ ሠሪ ኩባንያ ሦስት ትውልድ አምፖቹን ያስፈተሸበት ነው፦ ባለ ቱዩቡን ኳድ 2፣ በ1967 የወጣውን 303፣ በ1975 የወጣውን 405። ውጤቱ በ1978 ዋየርለስ ዎርልድ መጽሔት ላይ ታትሟል፤ አዳማጮቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ሲሰሙ መለየት አልቻሉም። ሁለተኛው በ1985 አምፕ ሠሪው ቦብ ካርቨር ያደረገው ነው፤ ርካሹን የትራንዚስተር አምፕ ከአንድ ውድ ቱዩብ አምፕ ጋር አቅርቦ የስቴሪዮፋይል መጽሔት ሰዎች መለየት አቃታቸው። መደምደሚያው ደግሞ ለእኔ ነበር፦ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

መልስ 8፦ ካርቨርን በደንብ የሚያውቅ ሰው መጣ። 7ኛው ታሪኩን ገልብጦ ነው ያነበበው አለ። ካርቨር ሁለቱ አምፖች አንድ ናቸው አላለም፤ እንዲያውም ሲጀመር የተለያዩ ነበሩ። እሱ ያደረገው የሁለቱን ውጤት እርስ በርስ እያቀናነሰ፣ የሚተርፈው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ የራሱን አምፕ መነካካት ነው። በኋላም ያንን ጠባይ የያዘ ኤም-1.0ቲ የሚባል ሞዴል ለገበያ አወጣ። ታዲያ ሙከራው የሚያሳየው ልዩነት እንደሌለ ሳይሆን፣ ልዩነቱ የሚለካና የሚቀዳ ነገር እንደሆነ ነው። የኳዱም ቢሆን ከእኔ ጉዳይ ጋር አይገጥምም፦ ኳድ 2 ቱዩብ ይሁን እንጂ ሁለት ቱዩቦች እየተጋገዙ የሚሠሩበት ፑሽ-ፑል ነው፣ ፊድባክም አለው። ፊድባክ ከሌለው ባለ አንድ 300ቢ ጋር ስም እንጂ ጠባይ አይጋራም። በዚህ ክር ውስጥ በጣም ካረኩኝ እርማቶች አንዱ ይህ ነው። 7ኛው ግን ምስጋና አላቀረበም።

መልስ 9፦ የጻፉት ዕድሜያቸውን በጥገና ሥራ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው፤ በዚህ መድረክ ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው። የእሳቸውን ረዘም አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ እኔ ስለ ጉዳዩ ያለኝን አስተሳሰብ የቀየሩት እሳቸው ናቸውና።

ያሉት ይህ ነው። ስፒከር 8 ኦም ነው፣ 6 ኦም ነው ተብሎ ጀርባው ላይ የሚጻፈው ለወግ ነው። እውነተኛው ኢምፒዳንስ (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን) ከቃና ቃና ይወጣል ይወርዳል፤ የአንዱ ስፒከር ኢምፒዳንስ ቤዙ ላይ 20 ኦም ወጥቶ ትንሽ አለፍ ሲል 4 ኦም ሊወርድ፣ ድምፁ ከስፒከሩ አንዱ ሾጣጣ (ድምፅ አውጪ አካል) ወደ ሌላው በሚሻገርበት መሃል ቃና ላይ ደግሞ እንደገና ሊወጣ ይችላል። አምፑም በራሱ ውስጥ የውጤት ኢምፒዳንስ አለው፤ የሚያመነጨው ቮልት በዚህና በስፒከሩ መካከል ይከፈላል። ፊድባክ የሌለው ባለ አንድ ቱዩብ አምፕ 2 ኦም ይኑረው እንበል። ስፒከሩ 20 ኦም በሆነበት ቃና ላይ ከ22ቱ 20ው ይደርሰዋል፤ የሚቀነሰው 0.8 ዴሲቤል ነው። 4 ኦም በሆነበት ላይ ግን ከ6ቱ 4ቱ ብቻ ይደርሰዋል፤ 3.5 ዴሲቤል ይቀነሳል። ሳናውቀው 2.7 ዴሲቤል የሚያዘነብል ኢኳላይዘር (ቃናዎችን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ተሰክቷል ማለት ነው። ጥሩ የትራንዚስተር አምፕ ውስጥ ያለው 0.04 ኦም ቢሆን ደግሞ ይኸው ልዩነት 0.07 ዴሲቤል ነው፤ ማንም አይሰማውም።

እንግዲህ ወንድም፣ የሰማኸው ልዩነት እውነት ነው፤ ግን የቱዩቡ ብቻ አይደለም፣ የቱዩቡና የዚያ ስፒከር ጋብቻ ነው አሉኝ። ኢምፒዳንሱ የማይዋዥቅ ስፒከር ላይ ያንኑ አምፕ ብሰካው አብዛኛው ልዩነት ሊጠፋ ይችላል። ይህን ሳያጣሩ ስለ አምፕ ድምፅ መጻፍ፣ ወጥ ቀምሶ ስለ ድስቱ እንደ መፍረድ ነው ብለው ጨረሱ። የተሻለ ሜትር ተውሼ በብዙ ቃናዎች ላይ እንድለካ የቤት ሥራም ሰጡኝ።

መልስ 10፦ የቤት ሥራዬን ይዤ ቀረብኩ። ሁለቱ በ400 ኸርዝ እኩል እንደሆኑ፣ ቱዩቡ በ50 ኸርዝ 1.2 ዴሲቤል ይበልጣል፣ በ150 ኸርዝ 0.9 ያንሳል፣ በ2,000 ኸርዝ ደግሞ 1.6 ይበልጣል። ቤዙ ሞላ ያልኩት 50 ላይ አለ። ዘፋኟ ወደ ፊት ወጣች ያልኩት ደግሞ 2,000 ላይ ነው፤ የሰው ድምፅ ጥርትታ የሚኖርበት አካባቢ ነውና ያ ቦታ ከፍ ሲል ድምፅ ይቀርባል። የመክፈቻ ጽሑፌን መልሼ ሳነበው ራሴን እንደ መለኪያ መሣሪያ ቆጥሬ ትንሽ ኮራሁ። አዛውንቱ ግን ጆሮህ ጥሩ ነው፣ ምክንያት አሰጣጥህ ነው የተሳሳተው ብለው ኩራቴን በልኩ አደረጉት።

መልስ 11፦ የሚገባ ጥያቄ አነሳ። ሁለቱ አምፖች በየቃናው የሚለያዩ ከሆነ፣ መጠናቸው እኩል የሚደረገው የትኛው ቃና ላይ ነው? 400 ላይ እኩል የሆነው 2,000 ላይ እኩል አይደለም። 3ኛውና 4ኛው በዚህ ላይ ተከራከሩ፤ አንዱ ሁሉንም ቃና የያዘ ፒንክ ኖይዝ ይለካ አለ፣ ሌላው መሃል ቃና ላይ ይጽና አለ። አልተስማሙም። ለእኔ የገባኝ፣ እንዲህ ላሉ ሁለት አምፖች ፍጹም እኩል የሚባል ቮሊዩም እንደሌለ ነው።

መልስ 12፦ እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። 2ኛው ወዳጃችን ተመልሶ መጣ፤ የመጀመሪያው ለዛ አብሮት አልነበረም። ሙዚቃ የማይሰሙ ሰዎች ኦም ይቆጥራሉ አለ። አዛውንቱንም አንተ ብሎ ጠርቶ፣ በሜትር የሚሰማ ሰው ጆሮውን ለምን እንደተሸከመው ጠየቀ። እኔ በጆሮዬ አምናለሁ፣ ሌላ ዳኛ አያስፈልገኝም ነው ጭብጡ።

መልስ 13፦ ከ7ኛው መጣ፤ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን አባባል አስታውሶት ሄደ። ተረቱ ለሐሜት የተባለ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ለሃይ-ፋይ የተተረተ ያህል ገጥሞ አሳቀኝ።

መልስ 14፦ የመድረኩ አስተባባሪ ገባ። አዛውንቱን አንተ ማለት እንደማይገባ፣ ቀጣዩ ስድብ እንደሚሰረዝ አስጠነቀቀ። 2ኛው አጭር ይቅርታ ጻፈ፤ አዛውንቱም እኔም ልጅ እያለሁ በጆሮዬ እምል ነበር ብለው አለፉት።

መልስ 15 እና 16፦ ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ የክላስ ኤ አምፕ ክፍሉን እንደሚያሞቅለት፣ በሞቃት ወቅት መስኮት ከፍቶ ስለሚያዳምጥ የውጪው ጫጫታ ከሙዚቃው እንደሚቀላቀል አጫወተን። ሌላው ክላስ ኤ ሙዚቃ ሲቆም እንደሚቀዘቅዝ ሲጽፍ ግን ታረመ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ክላስ ኤ ኤሌክትሪኩን ሁልጊዜ ሙሉ ይስባል፣ ወደ ስፒከሩ ያልሄደው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ከፍተኛው ሙቀት ዝም ባለበት ሰዓት ነው። በዚያው ክላስ ዲ ዲጂታል ነው የሚል ተነሳ። ዲ ከሲ ቀጥሎ የመጣ ፊደል እንጂ የዲጂታል ምኅፃር እንዳልሆነ ተነገረው፤ ትራንዚስተሮቹ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ስለሚሠሩ ኃይል አያባክኑም፣ ለዚህም ነው ቀዝቃዛ የሆነው።

አዛውንቱም ከጨዋታው አልቀሩም፤ የፊድባክን አመጣጥ አወጉን። ሃሮልድ ብላክ የቤል ላብስ (የአሜሪካ የስልክ ምርምር ተቋም) መሐንዲስ ነበር፤ ራስ ምታቱ ደግሞ የረጅም ርቀት የስልክ መስመር ማጉያዎች መዛባት ነበር። ነሐሴ 1927 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ወደ ሥራ ሲሄድ የሃድሰንን ወንዝ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ሐሳቡ ብልጭ አለለትና በያዘው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ሥዕሉን ጫረ። ከውጤቱ ጥቂቱን ወደ መግቢያው ገልብጦ መመለስ ነው፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ መዛባቱም አብሮ ይቀንሳል። የፈጠራ መብቱ የጸደቀለት ግን በ1937 ነው። ወጉ ከርእስ የወጣ ቢመስልም አልወጣም፦ ፊድባክ የውጤት ኢምፒዳንስንም ዝቅ ያደርጋል፣ የተዋስኩት አምፕ 2 ኦም ገደማ የያዘውም ይህ ስለሌለው ነው።

መልስ 17፦ ማብሪያ ሣጥን ሠርቼ በቅጽበት ላቀያይር ብዬ ሳስብ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስላዳነኝ አመሰግናለሁ። ጸሐፊው ሁለት አምፖችን በአንድ ሣጥን ሲያገናኝ የሁለቱን ኔጌቲቭ ገመዶች አንድ ላይ አሰረ። አንደኛው አምፕ ውስጡ ብሪጅ ነበር፤ ኔጌቲቩም ቮልት ይሸከማል። ጭሱን ያየው ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም መቀየር አለበት። አዛውንቱ ከሥሩ አከሉበት፦ ቱዩብ አምፕ ስፒከር ሳይሰካበት ሙዚቃ ከተላከበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላልና፣ ተራው ባልሆነ ጊዜ ትልቅ 8 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚቋቋም ዕቃ) እንዲሸከም ይደረግ። ሰው ያዋሰኝ ዕቃ ስለሆነ ይህንን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 18፦ የድብቅ ሙከራውን (የትኛው አምፕ እንደበራ ሳያውቁ የማዳመጡን) ሥርዓት ያስያዘኝ ሰው ነው። ከአሥር ሙከራ ስምንቱን ባገኝ ማንም ያጨበጭባል፤ ግን በሳንቲም የሚገምት ሰው ስምንትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 5.5 ነው። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ተራውንም በሳንቲም እንጂ በስሜት አታውጡ አለ። የትኛው እንደበራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከአዳማጩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ። በዚህች ሳቅኩ፤ በመጀመሪያው ልምምድ ማብሪያውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነበር፣ ቱዩቡ ሲመጣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀኛል። ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጥኩት። የቱዩቡ ስስ እም የሚል ድምፅም እንዳያሳብቅ ማዳመጫ ወንበሬን ከስፒከሮቹ ራቅ አደረግኩ።

መልስ 19፦ ወንበር ስል የሰማ አንድ ሰው ወንበሩ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀ፤ መሃል ላይ አልኩት። አዘነልኝ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል የመጀመሪያ ማስተጋቢያው 34 ኸርዝ ላይ ነው፤ በ4 ሜትሩ በኩል 43። ልክ መሃል የተቀመጠ ሰው እነዚህ ቃናዎች ዜሮ በሚሆኑበት ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። የአምፖቹን አንድ ዴሲቤል እያሳደድኩ ከክፍሉ አሥር ዴሲቤል እየጠፋብኝ ሊሆን ይችላል። ወንበሩን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ፣ ትንሽም ወደ ጎን ሳንቀሳቅሰው የቤዙ ለውጥ ከሁለቱ አምፖች ልዩነት በለጠ። ምንም ያልገዛሁበት፣ ትልቁ መሻሻል ይህ ነው፤ በመክፈቻ ጽሑፌ ግን ክፍሉን በግማሽ መስመር ነበር ያለፍኩት።

መልስ 20፦ ውጤቴን ያሳወቅኩበት። መጀመሪያ ሁለቱን እንዳሉ፣ በ400 ኸርዝ አስተካክዬ ሞከርኩ፦ ከአሥር አሥር። 7ኛው አንድ ናቸው ያላቸው ሁለቱ አምፖች የተለያዩ መሆናቸው ተረጋገጠ። ቀጥሎ አዛውንቱ በመልእክት ያዘዙኝን አደረግኩ፦ በትራንዚስተሩ አምፕና በየስፒከሩ መካከል አንዳንድ ባለ 50 ዋት፣ 2 ኦም ሽቦ ሬዚስተር ጣልቃ አስገባሁ። የትራንዚስተሩ አምፕ የውጤት ኢምፒዳንስ በሰው ሠራሽ መንገድ ወደ ቱዩቡ ተጠጋ። ደግሜ ስለካ በሁሉም ቃና ላይ የሁለቱ ልዩነት ከ0.3 ዴሲቤል በታች ሆነ። ቮሊዩሙን እንደገና አስተካክዬ፣ በዝግታ የሚሄድ ድምፅና ክራር ያለበት ቅጂ መርጬ ስሰማ ከአሥር ስድስት አገኘሁ። በሳንቲም የሚገምት ሰው ስድስትና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከመቶ 38 ጊዜ ያህል ነው። ማለትም አልለየሁም። ዘፋኟ በሬዚስተሩም ወደ ፊት ወጥታ ቆማለች።

መልስ 21፦ 2ኛው ነው። ሬዚስተር ጥሩ አምፕ ላይ መጨመር ዕቃን ማዋረድ ነው አለ፤ ሙከራውንም አልተቀበለም፣ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ሙዚቃ አይሰማም ባይ ነው። ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይመስለኝም፤ በሳምንታት የሚመጣ መሰላቸት በአሥር ደቂቃ ሙከራ ላይታይ ይችላል። 7ኛው ግን አልታገሠውም፦ ሳምንታቱንም እዚያው መጋረጃ ጀርባ አድርገህ ሞክራቸው አለው። አስተባባሪው ከሁለቱም አንዳንድ መስመር ሰረዘ።

መልስ 22፦ 1ኛው ሰው ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ፣ ያንኑ ሙከራ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ከበሮ በበዛበት ቅጂ እንድደግመው ጠየቀ። ደገምኩት፤ ከአሥር ዘጠኝ። ሬዚስተሩ የኢምፒዳንሱን ጠባይ ይቀዳል እንጂ የ8 ዋቱን ጣሪያ አይቀዳም። ከበሮው ሲመታ በቱዩቡ ጠርዙ ይለዝባል፣ ከጀርባው ያለውም መሣሪያ ለአፍታ ይደበዝዛል፤ ትራንዚስተሩ እንደ ድንጋይ ይጥለዋል። በመጀመሪያው መልስ የነገረኝን በሃያ ሁለተኛው አመንኩ። አምፔን አልሸጥም፤ ይህን እዚያው ጻፍኩ። አዛውንቱ ደስ አላቸው፣ 2ኛው ሰው አዘነ፣ 7ኛው ቀድሜ ብዬ ነበር አለ፤ አላለም።

መልስ 23፦ ያዋሰኝ ወዳጄ ራሱ ነበር። እዚህ መድረክ ላይ አባል መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲከታተል ኖሯል። ወሩ አርብ እንደሚያልቅ፣ ቱዩቦቹን አውጥቼ በየሣጥናቸው እንዳስቀምጥ፣ ትራንስፎርመሩን በአንድ እጅ እንዳላነሳ አሳሰበኝ። ከዚያ ከሥር በአንዲት መስመር፣ ስመጣ ሁለቱን ሬዚስተሮችም ይዤ እንድመጣ ጠየቀኝ።